በድንጋይ የተመታው ደወል

የታሪክ መምህሩ ዓባይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተከፍቶ፣ ደሙ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአፍሪካ ካርታ ከመሃል እስከ ታች ነክሮታል። የመታው ሰው አንዴ መትቶ አልተወም፤ ከወደቀ በኋላም ደጋግሞታል። አጠገቡ የትምህርት ቤቱ የደወል መምቻ ብረት ፀጉር እንደተጣበቀበት ተጥሏል።

ሃምሳ አለቃ እቴነሽ ከአሰበ ተፈሪ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ «ገዳዩ ተይዟል» አሏት። የዚያው ክፍል ተማሪ ጂብሪል ግቢው መሃል ካለው ግራር ሥር የፊጥኝ ታስሮ ተንበርክኳል። ሸሚዙ ደም በደም ነው። ከንፈሩን በሰደፍ ሰንጥቀውታል።

«ሳይመሽ ይረሸናል» አለ የአውራጃው አዛዥ ሻምበል ተሻለ። «መምህር የገደለ ፀረ አብዮት ምርመራ አያሻውም። ሬሳውን መዝግበሽ ሂጂ።»

«ሬሳው የት ይሄድብኛል? እስኪመሽ ያለውን ጊዜ ለእኔ ይስጡኝ።»

«ልጁ እንደሆነ ከመሞት አይድንም።»

«እንግዲያው እስኪመሽ ብቆይ ማን ይጎዳል?»

ሻምበሉ ይህችን ሴት ያውቃታል፤ ክርክር ከጀመረች እንቅልፍ እስኪወስዳት አታቆምም። እጁን አወናጭፎ ተዋት።

ልጁ ፊት ቁጢጥ አለች። «ደሙ ከየት መጣ?»

«አቀፍኳቸው። ገና ይሞቁ ነበር። የሚነሡ መስሎኝ።»

«ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«መናኸሪያ። የአያቴ ወንድም ኦቦ ዓሊዩ ከበደሳ ሲመጡ ልቀበል። መምህር ናቸው ያስጠሯቸው። ታሪክን ካየው ሰው አፍ ስሙ ይሉን ነበር። ስለ ጭሰኛ ዘመን ኦቦ ዓሊዩ የነገሩኝን ሳወራላቸው፣ ሽማግሌው ራሳቸው መጥተው ለክፍሉ ይናገሩ አሉኝ።»

«ታዲያ የት አሉ?»

«በር ላይ ሻይ ቤት አስቀምጫቸው ለመምህር ልነግር ገባሁ። ያኔ ደወሉ ተደውሎ ነበር። በሩን የከፈተልኝ ዘበኛው አያና ነው፤ ይጠይቁት።»

የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ይልቃል ከጎን ቆሞ ይሰማል። የዚያን ቀን ፀሐይ አናት ይበሳል፤ እሱ ግን ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎታል። ቀኝ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ትንሿን ጣቱን የኦጋዴን ጥይት እንደበላት ለተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ነግሯቸዋል።

«ለምን ትደክሚያለሽ፣ ጓድ? እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ያዩትን ይንገሩኛ።»

«ደወሉ እንዳበቃ ልጁ ብረቱን ከግራሩ ሥር አንስቶ ወደ ክፍል ገባ። ቀጥሎ ጩኸት ሰማሁ።»

«ዘበኛው ደውሎ ካስቀመጠው በኋላ ማለት ነው?»

«አስቀምጦት ዞር ሳይል። የአድኃሪ ጭካኔ ማለት...»

«ጭካኔውን ሰሌዳው ሥር አይቼዋለሁ። ካፖርቱ አይሞቅዎትም?»

«ወባ ይዞኛል።»

ርዕሰ መምህሩ ኃይሉ ቢሮው ተቀምጦ ግንባሩን ይጠርጋል። ምሳ ሰዓት ቤቱ ከሁለት መምህራን ጋር ሲበላ ነበር፤ ሁለቱም መስክረውለታል።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«ተጣልቻለሁ። ሽማግሌ ክፍል አስገብቶ ያሻውን ቢያናግር በዚህ ዘመን አንገቴ ይተርፋል? ከጓድ ይልቃል ፈቃድ አምጣ አልኩት።»

«ከለከለው?»

«ኧረ ፈቀደለት። የሽማግሌውን ስምና አገር ብቻ ጠየቀው። ዓባይ ግን ከዚያ ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። ‹ኃይሉ፣ ጣቱን ጥይት አልበላውም› አለኝ። ምን ማለትህ ነው አላልኩትም። መስማት ፈራሁ።»

እቴነሽ ወደ ግራሩ ተመለሰች። ደወሉ ከሚኤሶ የመጣ የሐዲድ ቁራጭ ነው፤ በሽቦ ተንጠልጥሏል። በብረት ሲመቱት ገበያ ድረስ ይሰማል። ጣቷን ዝገቱ ላይ አሻሸች፤ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ያዘ። እግሯ ሥር ጫፉ የተፈረፈረ ድንጋይ ነበር። ዘበኛውን ጠራችው።

«አያና፣ ከምሳ በኋላ በምን ደወልክ?»

«በብረት።»

«በምን?»

አያና መሬት መሬት አየ። «ብረት የለም። ፈልጌ ፈልጌ የለም። ጠፋ ብል ያባርሩኛል። በድንጋይ መታሁ። ዋቃ ያውቃል።»

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ላንድሮቨሯ ጂብሪልን ልትወስድ ግቢ ገባች። እቴነሽ ሁሉንም ግራሩ ሥር ሰበሰበቻቸው። ኦቦ ዓሊዩንም ከሻይ ቤቱ ራሷ ደግፋ አመጣቻቸውና ከኋላ አስቀመጠቻቸው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ሲቀመጡ ከእሷ በፊት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ድንጋዩን አንስታ ሐዲዱን መታች። ድምፁ የታፈነ ነው።

«የዛሬው ደወል ይኸው ነው፣ ሻምበል። አያና ሊደውል ሲመጣ ብረቱ አልነበረም። ያኔ መምህሩ ሞቷል፤ ብረቱም አጠገቡ ነበር። ጂብሪል ደግሞ በሩን ያለፈው ከደወሉ በኋላ ነው።»

«ዘበኛ ቢዋሽስ?» አለ ይልቃል።

«ነጩን የድንጋይ ዱቄት ሐዲዱ ላይ ይዩት። እርስዎ ልጁ ብረቱን ከደወሉ በኋላ ከዚህ ሲያነሣ አየሁ አሉኝ። ያልነበረ ብረት እንዴት ይነሣል? ደወል በብረት ይመታል ብለው ገመቱ። ሲደወል ቢሮዎ የእጅዎን ደም ሲታጠቡ ስለነበሩ ልብ አላሉትም።» ወደ አያና ዞረች። «በምሳ ሰዓት ግቢ ውስጥ ማን ነበር?»

«መምህር ዓባይ ካርታ ይሰቅላል። ጓድ ይልቃል አለ። ሌላ የለም።»

«ካፖርት ለብሶ ነበር?»

«የለም። ካኪ ብቻ።»

ሻምበሉ ወደ ይልቃል ተራመደ። «አውልቅ።»

ይልቃል ግራ እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ። አያና ድንጋዩን ከእቴነሽ እጅ ነጥቆ ክንዱ ላይ አሳረፈበት፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ወታደሮቹ በሰደፍ አፉን፣ ጎኑን፣ አፉን መቱት። ካፖርቱን ሲቀዱት ከሥሩ ያለው ካኪ ከደረት እስከ ወገብ ደርቆ ጠቁሯል።

«ለምን?» አለ ሻምበሉ።

«መልሱ ኋላዎ ተቀምጧል» አለች እቴነሽ። «መምህሩ ቢሞት፣ ልጁ ቢረሸን፣ እኚህን ሰው ወደ ክፍል የሚያስገባ አይኖርም።»

ኦቦ ዓሊዩ በከዘራቸው ተደግፈው ቀረቡ። ደም የሚተፋውን ሰው ቀኝ እጅ ያዙና ጉማጇን ጣት ዳበሷት።

«ያን ጊዜ ስሙ ሌላ ነበር። የባላባቱ ጭፍራ ነበር። እምቢ ብለን እህሉን ስንደብቅ ጎጆዬን በላያችን አቃጠለ። ልጄን ከእሳት ይዤ ስወጣ ቀምቶ መልሶ ወረወራት። እጁን ነከስኩ። ጣቱ አፌ ውስጥ ቀረ። እሷ ግን...»

«በአባባ አፍ ጥርስ የለም እኮ» አለ አንዱ ወታደር።

«ያኔ ነበረኝ» አሉት።

ለጂብሪል የመጣችው ላንድሮቨር ይልቃልን ጭና ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ከኮረብታው ጀርባ ተኩስ ተሰማ። እቴነሽ የልጁን ገመድ በጥርሷ ፈታችው።

ዓባይ በተቀበረ ማግስት አያና ሐዲዱን በድንጋይ መታ። ብረቱ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ድምፁ ሩቅ አልሄደም፤ ተማሪዎቹ ግን አንድም ሳይቀር መጥተው ነበር። ደሙ ታጥቦም ያልለቀቀው ግድግዳ ፊት ኦቦ ዓሊዩ ቆሙ።

«ከየት ልጀምር?» አሉ።

«መምህር ከስም ነበር የሚጀምሩት» አለ ጂብሪል።

ሽማግሌው ከዘራቸውን አስተካከሉ።

«ሃሊማ ትባል ነበር» አሉ።