ይቃናል የተባለው አፍንጫ

«አታካብጂ፣ ብዙም አያስታውቅም» አለች ኛቦት፣ ጓደኛዋን ከፊት ለፊት ፎቶ አንስታ ስልኩን እያሳየቻት።

ናዝራዊት ፎቶውን አየችው። ቀዶ ጥገና ካደረገች ወር አልፏታል። እብጠቱ ጠፍቷል፤ አፍንጫዋ ግን ያው ነው፤ ቅርጫት ኳስ ስትጫወት ክርን ካረፈበት ጀምሮ ወደ ግራ እንደጠመመ ቀርቷል።

«ሐበሻው ዶክተር ይቃናል ብሎኝ ነበር እኮ።»

«የውስጡ ግድግዳ ነዋ፣ አየር የሚዘጋብሽ። መልክ አይቀይርም የሚለውን ወረቀት አብረን አይደል ያነበብነው?» ኛቦት ጋምቤላ አድጋ ወደ ጁባ የተመለሰች ልጅ ናት፤ ነገር ማለባበስ አታውቅም። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም። ትተነፍሻለሽ አይደል?»

ትተነፍሳለች። ታዲያ ምን ያደርግላታል? «ይቃናል» የምትለዋን ቃል ሰምታ የቀረውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላዋለች። ይባስ ብላ አብረዋት ለሚዘምሩት የቤተ ክርስቲያን ልጆች ሁሉ «ሰልካካ ሆኜ ነው የምመጣው» እያለች ጉራዋን ነዝታለች። እናቷ ዕፀገነት ደግሞ ጁባ አትላባራ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው ተነስታ «የልጄ አፍንጫ እንዲቃና ጸልዩልኝ» ስላለች፣ ምእመኑ ሦስት ቀን ጾሞ ጸልዮላታል። ነገ እሑድ የምስክርነት ጊዜ አለ። የናዝራዊት ስምም ከመስካሪዎቹ ጋር ተመዝግቧል።

ቤት ስትገባ እናቷ ነጭ ቀሚሷን እየተኮሰችላት ነበር።

«እኔ አልወጣም፣ እማዬ። ሙድ ነው የሚይዙብኝ።»

«ተቃና በይና ውረጂ። ውሸት አይደለም።»

«ምኑ ነው የተቃናው? አይታይሽም?»

እናቷ ካውያውን አስቀመጠች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስታንኮራፊ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አሁን ደግሞ ድምፅሽ ሲጠፋ፣ ምን ሆና ይሆን እያልኩ እጄን አፍንጫሽ ሥር አደርጋለሁ።»

ናዝራዊት ቀሚሱን ተቀብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም የምትናደድበት ሰው ማጣቷ የባሰ አናደዳት።

በማግስቱ የወጣቶች መሪው ዘካርያስ ስሟን ጠርቶ ማይኩን ሰጣት። የሰዉ ሁሉ ዓይን ፊቷ መሐል ላይ አረፈ። ፊት የተቀመጡት መዘምራን አንገታቸውን አስግገው አዩዋትና እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ተቃና» ማለት ምን ያቅታል? አንዲት ቃል ናት። ሰዉም በጨዋነት «ሃሌ ሉያ» ይላል፣ እሷም ሄዳ ትቀመጣለች።

«አልተቃናም» አለች።

እናቷ አቀረቀረች።

«ማለቴ ውጪው። ውስጡ ተቃንቷል። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ተናድጃለሁ። እናንተ የጸለያችሁት በአንድ ቃል ነው፤ እኛ ግን የፈለግነው ሁለት ነገር ነበር። እኔ መልክ፣ እናቴ ትንፋሽ።»

ዘካርያስ ማይኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።

«የእሷ ጸሎት ተመልሷል» አለችና ከመድረኩ ወርዳ ማይኩን ለእናቷ ሰጠቻት።