አራተኛው መስመር

«ሄቲ ማን ናት?» አሉ ወይዘሮ ክሊንገር፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው።

ሮዌና እናቷ እስክትመልስ ጠበቀች። እናቷ ማርላ ደግሞ ሮዌናን ታያለች።

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ወፍራም ክላሴር የዓመቱ ልፋታቸው ነበር፤ ሮዌናና የሰባት ዓመት እህቷ ቢርዲ ቤታቸው ቁጭ ብለው ከእናታቸው የተማሩት ሁሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው። በዓመት አንዴ ግንቦት ላይ ገምጋሚዋ ይመጣሉ፣ ያገላብጡታል፣ ልጆቹን ያነጋግራሉ። ከፈረሙ ማርላ በሚቀጥለው ዓመትም ታስተምራለች። ወይዘሮ ክሊንገር አርባ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሳቅ አያበዙም፣ የቀረበላቸውን ኬክም አልነኩም።

አሁን የደረሱበት ገጽ ላይ የጥቁር ሰሌዳው ፎቶዎች ተለጥፈዋል። ማርላ ከየካቲት ጀምሮ በየጠዋቱ በስልኳ ያነሳቻቸው ናቸው። በሁሉም ላይ፣ ፊደሎቹ እጅ ለእጅ በተያያዙበት ያማረ የድሮ ጽሕፈት፣ የቀኑ ሥራ ሰፍሯል።

ሮዌና፦ ክፍልፋይ፣ ገጽ 88።
ቢርዲ፦ ጮክ ብላ ታንብብ። ማንም አያርማት።
ከሰዓት፦ ወደ ወንዙ።
ሄቲ፦ ምድጃ።

«እሱን ሮዌናን ይጠይቋት» አለች ማርላ በኩራት። «ሰሌዳውን የምትጽፈው እሷ ናት።»

ሮዌና ሰሌዳው ላይ አንድም ቀን ጽፋ አታውቅም። እስከዚህች ደቂቃ ድረስ የምትጽፈው እናቷ ትመስላት ነበር።

ቤቱ ድሮ ትምህርት ቤት ነበር። በዚያ የፔንሲልቬንያ ገጠር እንዲህ ያሉ ብዙ ናቸው፤ አንድ ክፍል፣ አንዲት አስተማሪ፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ ልጆቹ ሁሉ ባንድ ላይ። አባቷ ሲገዛው ፎቅ ጨመረበት፤ ሰሌዳውን ግን ከግድግዳው ማላቀቅ አቅቶት ተወው። በሩ አጠገብ ለሕፃናት ቁመት የተሠሩ የካፖርት መስቀያዎችም እንዳሉ ናቸው። ከእነሱ መካከል የመጨረሻው፣ ማንም ሳይጠርገው፣ አቧራ አይይዝም። ቢርዲ ይህን ያወቀችው ገና በአምስት ዓመቷ ነው። «ያ የተያዘ ነው» ብላ ጃኬቷን ሌላው ላይ ትሰቅላለች፤ ቤተሰቡም የልጅ ነገር ብሎ ይስቅ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ጥር ላይ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አንዲት እናት፣ እሷም ልጆቿን ቤት የምታስተምር፣ «የኔዋ በአራት ዓመቷ ነው ያነበበችው። ቢርዲ እስካሁን?» አለቻት ማርላን። በቃ፣ ይህችው ናት። ማርላ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት የተዘጋ መጽሐፍ ላይ እጇን ጭና ትቀመጣለች፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት። ከዚያ «ዛሬ የፈለጋችሁትን አንብቡ» ትላለች። አባታቸው የጭነት መኪና ነጂ ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ሮዌና አንድ ቀን እናቷ በስልክ «እኔ አስተማሪ አይደለሁም ዴል፣ ልጆቹን እያበላሸኋቸው ነው» ስትለው ሰማች።

በማግስቱ የከተማው ትምህርት ቤት መመዝገቢያ ፎርም ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ። ሁሉ ነገር ተሞልቷል፣ ፊርማ ብቻ ይቀራል። ሮዌና እስከ ሦስተኛ ክፍል እዚያ ተምራለች፤ መመለስ አትፈልግም። የባሰ ያስፈራት ግን የእናቷ ዝምታ ነበር። እናት ቤት ውስጥ እያለች ስትጠፋ ማየት ያስፈራል።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ሮዌና ከፎቅ ስትወርድ ምድጃው ሞቋል፣ ሰሌዳውም ተጽፎበታል። «እማ ተመለሰች» አለች በልቧ። ጽሕፈቱ እናቷ የምትጽፈው ዓይነት አይደለም፤ ቢሆንም በጠመኔ ሲጽፍ የማንም እጅ ይለወጣል ብላ አለፈችው። እናቷ ወርዳ ሰሌዳውን አየች፣ ሮዌናን አየች፣ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ሁለቱም ምንም አልተናገሩም። ሮዌና ነገሩን ካነሳችው የእናቷ ፈገግታ የሚሸሽ መሰላት። ሄቲ የምትባለዋን ደግሞ እናቷ ሙድ እየያዘች ነው ብላ ተወቻት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ካልሆነ በቀር ጽሕፈቱም እሳቱም አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም።

«ይህን የመሰለ ጽሕፈት ካየሁ ስንት ዘመኔ» አሉ ወይዘሮ ክሊንገር። «አያቴ ነበሩ እንዲህ የሚጽፉት። ይሄ የምድጃውስ ነገር? ድሮ በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት፣ ማለዳ ቀድማ መጥታ ምድጃ የምታነድ ልጅ ስሟ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ ነበር። ማን ነገረሽ?»

ሮዌና ወደ እናቷ ዞረች።

«እውነቱን ልንገርዎ» አለች ማርላ። «የካቲት ላይ ማስተማሩን ላቆም ነበር። ፎርሙ ያውልዎ፣ ፍሪጁ ላይ። በኋላ ይህችን ልጅ አየኋት። በማለዳ ተነስታ ምድጃ ታነዳለች፣ የሁላችንንም ቀን ትጽፋለች፣ አንድ ቃል አትናገርም። ልጄ ይህን ያህል ከፈለገችው የምተወው እኔ ማን ነኝ አልኩ። በእግሬ ያቆመችኝ እሷ ናት።»

ማገዶውንም ያነደደችው እናቷ አልነበረችም ማለት ነው። ታዲያ በየማለዳው፣ ሁሉም ፎቅ ላይ ተኝተው ሳለ፣ እዚህ ማን ነበር?

ወይዘሮ ክሊንገር ጠመኔ አንስተው ዘረጉላት። «እስቲ አንድ መስመር ጻፊልኝ።»

ሮዌና ተነሳች። ከሰሌዳው ፊት ቆማ የእናቷ ዓይን ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ተሰማት። አንድ ፊደል ከጻፈች ያለቀ ነው። እናቷ የቆመችበት ነገር ከእግሯ ሥር ይናዳል፤ ፎርሙም ፊርማውን ያገኛል።

«እኔ... ጠዋት ጠዋት ነው የምጽፈው» አለች።

ወይዘሮ ክሊንገር ምድጃውን አዩት፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ያሉትን መስቀያዎች። በመጨረሻ ብዕራቸውን አውጥተው ፈረሙ። ሮዌና እስከ መኪናቸው ስትሸኛቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ደብተሮችሽን አይቻለሁ የኔ ልጅ። የሰሌዳው ጽሕፈት ያንቺ አይደለም። የፈረምኩት ለተማራችሁት ነው፤ እሱ እውነት ነው። ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

በማግስቱ ሮዌና ገና ሳይነጋጋ ነቃች። ደረጃውን በባዶ እግሯ ወረደች፤ ማን እንደሚጽፍ ዛሬ ታያለች።

ማንም አልነበረም። ሰሌዳው ታጥቦ የደረቀ ይመስላል፣ ጥቁር ባዶ። እጇን ምድጃው ላይ አደረገች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ዞር ስትል መስቀያዎቹን አየች፤ የመጨረሻው ላይ፣ ትላንት ንጹሕ በነበረው ላይ፣ የብዙ ዓመት የሚመስል አቧራ ተኝቷል። አንድ ሰው ወጥቶ በሩን ቀስ ብሎ የዘጋ መሰላት።

ፎርሙ አሁንም ፍሪጁ ላይ ነው። ከላይ የእናቷ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ።

ተንበርክካ እንጨት ደረደረች። ክብሪቱ ሁለቴ ጠፋባት፣ ሦስተኛው ጣቷን ለበለባት፣ ጭሱ ዓይኗን አስለቀሰ። እሳቱ ሲይዝላት ጠመኔውን አንስታ በራሷ ጽሕፈት፣ መስመሩ ወደ ታች በሚንሸራተተው፣ ጻፈች። ሦስቱን ጨርሳ በየቀኑ ስታየው የኖረችውን አራተኛውንም አከለች።

ሄቲ፦ ምድጃ።

ማርላ ደረጃው ግርጌ ቆማ ነበር። ሰሌዳውን፣ ከዚያ ጥላሸት የወረሰውን የልጇን እጅ አየች።

«ይሄ ጽሕፈት...»

«የኔ ነው እማ» አለች ሮዌና። «የዛሬው ብቻ። እስከ ትላንት እኔ አልነበርኩም። አንቺ ነበርሽ የምትመስይኝ፣ እግዜርን።»

ማርላ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ሮዌና አሁን የተዘጋ መጽሐፍ ላይ እጇን ትጭናለች ብላ ጠበቀች። እናቷ ግን ምድጃውን፣ ከዚያ አቧራ የለበሰውን መስቀያ ብዙ ጊዜ አየች፤ ቀስ ብላ ተነስታ ፍሪጁ ጋ ሄደች። ፎርሙን ከማግኔቱ ሥር ሳበችው፣ አንዴ አጠፈችው፣ እሳቱ ውስጥ ጨመረችው።

«ሦስት ወር ሙሉ ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ አይደል?» አለች፣ እንደ ጥያቄም እንደ መልስም።

«አንቺ ነሽ እማ።»

«ከነገ ጀምሮ ምድጃው የኔ ነው። አንቺ ጣትሽን በውኃ አቀዝቅዢ።»

ቢርዲ ዓይኗን እያሸች ወረደች፣ ሰሌዳውን አይታ «ዛሬ ደግሞ ምን የሚያስጠላ ጽሕፈት ነው» አለች፣ ከዚያ መጽሐፏን ይዛ ተቀመጠች። ጮክ ብላ፣ እየተንተባተበች ማንበብ ጀመረች። ማንም አላረማትም።

ሮዌና ወደ ሰሌዳው ተመለሰች። በእጅጌዋ ከአራተኛው መስመር «ምድጃ» የሚለውን ብቻ አጠፋች። ስሙን አልነካችውም። አጠገቡ ጻፈች፦

እረፍት።