የመጨረሻው ዘፈን ረዘመ

እዚህ ቅድስቲቱ ከተማ፣ ኢትዮጵያ በሚባለው መንገድ ጥግ፣ ሃጊት የምትባል ሴትዮ የድሮ የዘፈን ሸክላ የሚሸጥበት ሱቅ አላት። በየዝነኛው አልበም አጠገብ ደብተር አስቀምጣለች፤ የሰማ ሰው አስተያየቱን ይጽፋል። እኔም «የሚነደው ድልድይ» የተባለውን አሮጌ የሃርድ ሮክ አልበም ሰማሁና «ሁሉም ግሩም ነው፤ የመጨረሻው ዘፈን ግን ረዘመ። መሃሉ ላይ መቆረጥ ነበረበት። ሲጋል» ብዬ ጻፍኩ።

በሳምንቱ ከሥሩ መልስ አገኘሁ።

«ጆሮሽን ታጠቢ። ያ ዘፈን ጭራሽ ማለቅ አልነበረበትም። ያይር።»

ተናደድኩ። ጻፍኩለት፤ መለሰልኝ። ሌላው ሰው ስለ ጊታሩና ስለ ዘፋኙ ድምፅ በሚጽፍበት ደብተር እኛ ሁለት ወር ሙሉ ተነታረክን። አንድ ዓርብ ሃጊት ታከታት።

«ያውልሽ፣ ፊት ለፊት ተሰዳደቡ!» አለችኝ።

ዞር ስል አንድ ቀጭን ልጅ ቆሟል። በጽሑፍ እንደዚያ የሚፎክረው ሰው ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

«ጆሮዬን ታጥቤያለሁ» አልኩት።

ሳቀ። በዚያች ሳቅ አለቀልኝ።

እሱ ከፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር፣ እኔ ከጎረቤቱ ከኔቬ ያዕቆብ እየመጣን አንድ ዓመት ተዋደድን። የባንዱን ታሪክ አብጠርጥረን እናውቅ ነበር፤ ሦስተኛው ከበሮ መቺ ለምን እንደተባረረ ሳይቀር። የገዛ አያቶቻችንን ስም ግን አንድም ቀን አልተጠያየቅንም። ምን ዓይነት ጅሎች ነበርን!

ሽማግሌ ሲልክ አያቱ አባ ጀምበሩ ከአባቴ ጋር ተቀምጠው እንደ ወጋችን ትውልድ መቁጠር ጀመሩ። ሰባት ቤት ያልራቀ ዘመድ ነው፤ አይጋባም። አምስተኛው ላይ አባቴ «ልቅናሽ» አለ።

«የየት አገሯ ልቅናሽ?»

«የአምቦበሯ።»

«አንድ ዓይኗ የጠፋው?»

«እሷው ናት። እርስዎ በምን አወቋት?»

አባ ጀምበሩ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ። «ቅድመ አያቴ ናት» አሉ። የቀረበውን ሻይ ማንም አልነካውም።

በማግስቱ ያይር ባቡር ጣቢያው ላይ ጠበቀኝ።

«ጋብቻ የሚመዘግበው የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት፣ ራባኑት እኮ ይፈቅድልናል። ነገውኑ እንመዝገብ።»

«ያሳደገኝ ራባኑት አይደለም፣ ያይር። አባዬ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።»

«እኔስ?»

ዝም አልኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው። ባቡሩ መጣ፤ እሱ ገባ። መንገዳችን አንድ ቢሆንም እኔ የሚቀጥለውን ጠበቅሁ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሃጊት ደብተሩን ገልጣ ሰጠችኝ። የያይር እጅ ጽሑፍ ነበር።

«ልክ ነበርሽ። መሃሉ ላይ መቆረጥ ነበረበት።»

ሸክላውን እንድታጫውትልኝ ለመንኳት። የመጨረሻውን ዘፈን ቆሜ እስኪያልቅ ሰማሁት፤ ቶሎ አለቀብኝ። ከዚያ ብዕር ተቀብዬ ከሥሩ ጻፍኩ።

«ልክ አልነበርኩም። ሲጋል።»