የተሰረዘው እንጨት

«አልሰረዝኩትም አልኩሽ እኮ!»

«በእማዬ ማልልኝ!»

ወንድሜ ርዩበን አልማለም።

ይህ የሆነ ነገር ነው። የማያምነኝ ከሎንዶን ወጣ ብሎ ሰፎክ ገጠር ይሂድ፤ የጎተራችን ፍርስራሽ ዛሬም አለ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። እኔና ርዩበን መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ነን፤ እማዬ ከማዶ፣ የቤታችን ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥታ አተር ትፈለፍላለች።

ርዩበን ሠዓሊ ነው። የመንደሩን ኑሮ እንጨት ላይ ይቀርጽና ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ያትመዋል። ከአንዱ እንጨት ሠላሳ ቅጂ ብቻ። ሠላሳው ሲሞላ፣ ሌላ እንዳይታተም እንጨቱን ከዳር እስከ ዳር በስለት ይሰርዘዋል። ገዢዎቹ የሚያምኑት ያንን ስርዝ ነው።

ጎተራችንን ቀረጸ፤ ሰረዘ... በሳምንቱ ተደረመሰ።

ውሻችንን ቀረጸ፤ ሰረዘ...

አሁን ደግሞ እማዬን። አተር ስትፈለፍል።

«ኧረ ባክሽ ሄቲ! ጎተራውን ነቀዝ በልቶት ነው። ውሻውም አርጅቶ ነው የሞተው፤ ጥርስ እንኳ አልነበረውም። አንቺ ጠንቋይ ቤት ነበር መወለድ የነበረብሽ!»

«እንጨቱን አሳየኝ።»

«ለሎንዶን ገዢዎች እንደምሰርዘው ቃል ገብቻለሁ...»

«አሳየኝ አልኩህ!»

በመስኮቱ እማዬን አየኋት። አንገቷ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር አለ።

ጠዋት አልነበረም።

ገፍትሬው መሳቢያውን ሳብኩ። እንጨቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ገለጥኩት።

ስርዙ አንገቷን አቋርጦ ያልፋል።

«መቼ?»

«...ዛሬ ጠዋት» አለ በሹክሹክታ።

በጥፊ አጮልኩት።

«እናትህ ናት እኮ! እናትህ!»

«ቀስ በይ... ትሰማሻለች...»

ከራሳችን በላይ ህትመቶቹ ገመድ ላይ ተሰቅለዋል፤ ቀለማቸው ገና አልደረቀም። አንዱን አየሁ። ደጃፉ አለ። የአተሩ ሳህን አለ።

ወንበሩ ባዶ ነው።

ሁለተኛውን አየሁ... ሦስተኛውን...

ሠላሳውም።

«ርዩበን... ና እይ።»

«አላይም! መትተሽኝ ደግሞ ታዢኛለሽ?» ጀርባውን ሰጠኝ።

ያኔ ደሜ ፈላ። ያልተናገርኩት ክፉ ቃል አልቀረም። እሱም አላነሰኝም።

በጩኸታችን መሐል የአጥሩ በር ሲጢጥ አለ።

በመስኮቱ ሳይ፣ እማዬ ሽርጧን ወንበሩ ላይ አጣጥፋ አስቀምጣ፣ መንገዱን ይዛ ትሄዳለች። ጎረቤታችን ሚስተር ካችፖል በጋሪው አጠገቧ ደረሰ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባርኔጣውን ሳያነሳላት አልፏት አያውቅም።

አላነሳም፤ እንዳላያት አለፈ።

እኔ አየኋት፤ ልጠራት እችል ነበር። ግን አንድ ስድብ አፌ ውስጥ ቀርቶ ነበር...

እሱን ልጨርስ ወደ ርዩበን ዞርኩ።