ሦስተኛው እሑድ በፍርስራሹ ግንብ

ሄስተር ከኦብሪ ጋር የተዋወቀችው ግንቡን የሚጠብቁት አባቷ አልጋ ይዘው፣ አረሙን እሷ በምትነቅልበት በጋ ነበር። ግንቡ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ጣሪያ የለው፣ በር የለው፤ ግማሽ ማማና ዙሪያውን የከበበ ጭቃ ውሃ ብቻ። መሻገሪያው አንድ ሳንቃ ነው። የባለርስቱ ልጅ ኦብሪ በዚያ ሳንቃ መጣና ሊያግዛት ጎንበስ ሲል ሳማ ጨበጠ።

«የገዛ ርስትህን እንኳ አታውቀውም» አለችው፤ መዳፉን በቱልት ቅጠል እያሸችለት።

«አንቺ አስተምሪኛ።»

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ላግባሽ አላት።

«አባትህስ?»

«እነግረዋለሁ። ቄሱን አናግሬአቸዋለሁ።»

በሃርኮም መንደር የእጮኞች ስም ከሠርጉ በፊት ሦስት እሑድ በቤተ ክርስቲያን ይነበባል። ስሟ ሲነበብ በጆሮዋ የሰማች ሙሽራ ደንቆሮ ልጅ ትወልዳለች ይባላል። ሄስተር ሞኝ አልነበረችም፤ ይህን ግን ሟች እናቷም በሙሽርነታቸው አልደፈሩት። ስለዚህ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሁለቱ ሳንቃውን ተሻግረው ከማማው ሥር ተቀመጡ። ደወሉ ዝም ሲል ኦብሪ በሁለት መዳፉ ጆሮዋን ያዘላት።

«ነፋሱ ስምሽን እንዳያመጣው።»

መዳፉ ይሞቃል። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ሳቋን አፈነች። በሁለተኛውም እሑድ እንደዚሁ።

በመንገድ ላይ ያገኟት ሁሉ ስለ አየሩ አወሯት። ሠርጉን ያነሳ የለም። ሃርኮም በጨዋነቱ የሚኮራ መንደር ነው፤ ጨዋነት የሚለውም የጎረቤት ቤት ሲቃጠል አይቶ ባርኔጣ አንስቶ ማለፍን ነው። እሷ ግን ምርቃቱን ለሠርጉ ቀን ያቆዩላት መሰላት።

በሦስተኛው እሑድ ልቧ አላስቀምጥ አላት። የኦብሪ አባት ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ የጠባቂው ልጅ ስም ከገዛ ልጁ ስም ጋር ሲጠራ ሲሰማ ማየት አማራት። ደንቆሮ ልጅም ቢሆን እወደዋለሁ አለች በሆዷ።

«ዳቦውን ቤት ረሳሁት፤ መጣሁ።»

«አሁን አትሂጂ» አለ ኦብሪ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። «ደወሉ ሊያበቃ ነው።»

«ጆሮዬን ራሴ እይዘዋለሁ።»

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመች። ቄሱ የአንጥረኛውን ልጅና የእጮኛውን ስም አነበቡ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው «እንጸልይ» አሉ። ከኋላ ወንበር የነበሩት አሮጊቷ ጎረቤቷ ሚስስ ትሪንደር ዞረው አዩዋት።

«የእኔስ ስም?» አለች ሄስተር።

«አልተጠራም፣ የኔ ልጅ» አሉ በሹክሹክታ። «ባለፈውም፣ ከዚያ በፊትም አልተጠራም። የምታውቂ መስሎን ነው።»

ሳንቃውን ተሻግራ ስትመለስ ኦብሪ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ዳቦው የታል?»

«ቄሱን መቼ ነው ያስቆምካቸው?»

ኦብሪ ጫማውን አየ።

«አባቴ ‹እሷን ብታገባ አባቷን ከጠባቂ ቤቱ አስወጣዋለሁ› አለ። ለአንቺ ብዬ ነው። የምነግርሽ ቀን እየፈለግሁ ነበር።»

«ጆሮዬን ይዘህ ነው የምትፈልገው?»

«እወድሻለሁ፣ ሄስተር።»

አልዋሸም። ፈሪም ይወዳል፤ ፍቅሩ የሚያልቀው ዋጋ ሲጠየቅበት ነው።

ሳንቃውን ተሻገረች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫፉን ያዘችና ጎትታ ወደ ራሷ ዳር አወጣችው።

«ምን እያደረግሽ ነው? በምን ልሻገር?»

«ርስትህ አይደል? ግባበት።»

ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ የባለርስቱ ልጅ በእሑድ ልብሱ እስከ ደረቱ ጭቃ ውስጥ ነበር። መንደሩ ጨዋ ነውና ማንም አልሳቀም። ስለ አየሩ አወሩ።

ሳምንት ሳይሞላ ሄስተርና አባቷ ከጠባቂ ቤቱ እንዲወጡ ተደረገ።

ሄስተር በኋላ ሌላ መንደር ሄዳ አገባች። ስሟ ሲነበብ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ሦስቱንም እሑድ ሰማች፤ ልጆቿም ጥሩ አድርገው ይሰማሉ። የእሑድ ደወል ዝም ሲል ግን ጆሮዋ ዛሬም ይሞቃታል። ይቅር ያላለችው ያንን ሙቀት ነው።