በጀሪካን ውስጥ የተኛችው አበባ

እንቅልፍ ማለት፣ ልጆች፣ ሕይወት ያለው ነገር ሳይሞት ዝም የሚልበት ጊዜ ነው። የተኛ ሰው አልጠፋም፤ እዚያው አለ። የተኛን ሰው በሁለት ነገር እናውቀዋለን። አንደኛ፣ ይተነፍሳል። ሁለተኛ፣ ያለ ሰዓቱ ሲቀሰቅሱት ይቆጣል። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ የዛሬዋ ልጅ ያልያዘችው ይህንኑ ነውና።

ሲና ትባላለች። ዕድሜዋ አሥር ዓመት ነበር። ቤታቸው ቡታጅራ ነው፤ ባጃጆች ከአስፋልቱ ታጥፈው ከገቡ በኋላ መውጫው የሚጠፋባቸው ሰፈር ውስጥ።

አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤት እማማ ባሂራ ይባላሉ። እማማ ባሂራ የደጋ ሰው ናቸው፤ የተወለዱት አረቅጥ አጠገብ ነው። ተድረው ወደ ቡታጅራ ሲወርዱ ከአባታቸው መስክ አንዲት የአበባ ሥር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ሥሯ እንደ ትንሽ ድንች ድብልብል ናት። መጻሕፍት ኦርኪድ ይሏታል። እማማ ባሂራ "ያቺ" ይሏታል፤ የሚናገሩት ስለ ማን እንደሆነ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ያቺ የምትኖረው በረንዳው ላይ፣ አናቱ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ነበር። ክረምት ሲገባ ቅጠል ታወጣለች። ነሐሴ ሲያልቅ ነጭ አበባ ታብባለች። ቀን ቀን ምንም አትሸትም። የመግሪብ አዛን ሲሰማና ሰማዩ ሲደበዝዝ ግን ሽታዋ ቀስ ብሎ ይነሳል። ያን ጊዜ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው እርምጃውን ይቀንሳል፤ ለምን እንደቀነሰ አያውቅም። ሲና ከአጥሩ ወዲህ ቆማ ዓይኗን ስትጨፍን ሰፈሩ በሙሉ በቀጭን ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ይመስላታል። ባጃጆቹ እንኳ ዓሣ ይሆናሉ።

ኅዳር ላይ ቅጠሉ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ የሚታየው አፈር የሞላው ጀሪካን ነው።

አንድ ዓመት፣ በበጋው፣ የእማማ ባሂራን ዓይን ሞራ ጋረደው። ልጃቸው ሙስተፋ ለማሳከም ወደ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው መጣ። ከመሄዳቸው በፊት ሲናን ጠሯት።

"ሲናዬ፣ ያቺን ላንቺ ነው የምተዋት።"

"አፈሩን ነው እማማ?"

"አፈሩ ውስጥ ያለችውን። ተኝታለች። ውኃ አታጠጪያት።"

"ቢጠማትስ?"

"የተኛ ሰው አፍ ላይ ውኃ ይፈሳል እንዴ?"

ሲና አሰበችበት። "አይፈስም።"

"እንዳትቆፍሪያት ደግሞ። ዝናቡ ሲመጣ ራሷ ትነሳለች። ሌላ የለኝም፤ የአባቴ መስክ ታርሶ ድንች ሆኗል። ዓይኔ ከበራ ከሁሉ በፊት ማየት የምፈልገው እሷን ነው። ይህን ሙስተፋ እንዳይሰማ።"

ሙስተፋ ሻንጣውን ይዞ ከኋላቸው ቆሟል። ሰምቷል።

"አደራ" አሉ እማማ ባሂራ።

"እሺ እማማ" አለች ሲና።

ልጆች፣ "እሺ" ማለት ቀላል ነው። ሲናም ያለችው ከልቧ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሲና ከእናቷ ጋር መስቃን፣ አጎቷ ጋሼ ዱባለ ዘንድ ሄደች። ጋሼ ዱባለ ከጓሮው አንድ እንሰት ቆርጦ ሥሩ ላይ ያለውን ትልቅ ድብልብል፣ አሚቾውን፣ አውጥቷል። መሐሉን በቢላ ፈልፍሎ ጣለው። የቀረውን ለሁለት ሰነጠቀና ፍግ ጨምሮ ቀበረው።

"ልቡን ለምን አወጣኸው ጋሼ?"

"ልቡ ካለ አንድ ሆኖ ይቀራል። ልቡን ስታወጪው ዙሪያውን ልጆች ያወጣል። ዝናብ ሲጥል መጥተሽ እይው፤ ችግኙ እርስ በርሱ ይጋፋል።"

"ሥር ሁሉ እንደዚህ ነው?"

ጋሼ ዱባለ ስለ እንሰት ተጠይቆ መልስ አጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ስለ ሌላውም አላጣም።

"ሥር ሥር ነው" አለ።

ሲና በሚኒባስ ስትመለስ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። በሕልሟ ነጩ አበባ ከእማማ ባሂራ በረንዳ ወርዶ መንገዱን ሞላው። በአጥር ላይ ወጣ፤ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል እንደ ወንዝ ፈሰሰ፤ መናኸሪያው ደረሰ። አውቶቡሶቹ መንገድ ለቀቁለት። ሰዎች ሁሉ በቀስታ እየሄዱ "ይህ የማን ነው?" ይላሉ። "የሲና ነው" ይባባላሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በሕልሙ ውስጥ "የእማማ ባሂራ ነው" ያለ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሲና ቢላ ይዛ በረንዳው ላይ ቁጢጥ አለች። ለራሷም እንዲህ ስትል አስረዳች፦ እማማ አንድ ትተው ሄደው ሃምሳ ቢያገኙ ማን ይከፋል? ከሃምሳው ጥቂቱ የእኔ ቢሆን ማን ይጎዳል? ጥያቄዎቹ ጥሩ ነበሩ። የጠየቀችው ግን ራሷን ብቻ ነው።

አፈሩን ጫረችው። ያቺ ተገኘች። እንደ እርግብ ዕንቁላል የሞላች፣ ነጣ ያለች፣ ቀዝቃዛ ነበረች። ሲና መዳፏ ላይ ስታኖራት የምትተነፍስ መሰላት፤ እጇም ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቢላው ሥራውን ሠራ። ጫፏ ላይ ያለችውን የቡቃያ ዓይን እንደ እንሰቱ ልብ ፈልፍላ ጣለች። የቀረውን ሰነጣጠቀች። ፍግ ጨምራ ቀበረች፤ ውኃም በደንብ አጠጣች።

ሲና ጠበቀች። በመጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቆይቶ ጀሪካኑ መሽተት ጀመረ፤ ሽታው ግን የነሐሴው ሽታ አልነበረም። ስትቆፍረው ጣቶቿ የነኩት ጥቁር ማጥ ነው።

ያን ጊዜ ሮጣ ለእናቷ ብትናገር ታሪኩ አጭር ይሆን ነበር። ሲና ግን ወደ ወጥ ቤት ገባች። ከቅርጫቱ አረንጓዴ ማቆጥቆጥ የጀመረ ቀይ ሽንኩርት አነሳች። ጀሪካኑን አጥባ፣ አዲስ አፈር ሞልታ፣ ሽንኩርቱን ተከለችው።

ሽንኩርቱ በሚያሳፍር ፍጥነት አደገ።

ሐምሌ ላይ እማማ ባሂራ ጥቁር መነጽር አድርገው ተመለሱ። ቀዶ ጥገናው ተሳክቶ ነበር። ቀጥታ ወደ በረንዳው ሄደው ጎንበስ አሉና ቅጠሉን በጣታቸው ዳበሱት።

"ማሻአላህ" አሉ። "ተነስታለች።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በርጩማቸውን እያወጡ ጀሪካኑ አጠገብ ይቀመጣሉ። አዛኑ ይሰማል፤ ሰማዩ ይደበዝዛል፤ ሽታ የለም። ሲና ከአጥሩ ወዲህ ታያቸዋለች። እራት አልበላ አላት። ሰንበት ትምህርት ቤት ስትሄድ መምህሯን "ሽንኩርት አበባ አለው?" ብላ ጠየቀች። መምህሯ "አለው" አሉ። መልሱ ትክክል ነበር፤ አልጠቀማትም እንጂ።

አንድ ምሽት አጥሩን ዞራ መጣችና እማማ ባሂራ ፊት ቆመች።

"እማማ፣ ይህ ሽንኩርት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አወቁ?"

"የታከምኩት ዓይኔን ነው። አፍንጫዬ ድሮም ደህና ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ።"

"ባልነግርዎትስ?"

"ሽንኩርቱ ይደርስ ነበር" አሉ እማማ ባሂራ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያቺስ?" ሲሉ ጠየቁ።

ሲና ሁሉንም ነገረቻቸው። የጋሼ ዱባለን እንሰት፣ ቢላውን፣ ፍጉን። ከሃምሳው ጥቂቱን ለራሷ አስባ እንደነበርም አልደበቀችም። ስትጨርስ አለቀሰች። እማማ ባሂራ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

"ዕድሜዋ ከሙስተፋ ይበልጥ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ስሚ ልጄ። እንሰት ሲቆርጡት ብዙ ይወልዳል፤ እንዲያ አድርጎ ነው አላህ የፈጠረው። ያቺ ግን በዓመት አንዲት ልጅ ብቻ ነው ከጎኗ የምትወልደው። ወልዳም ትሞታለች፤ ልጇ ትተካታለች። የቆረጥሽው ያቺን አንዷን ነው።"

"ይቅር ይበሉኝ እማማ።"

"ይቅር ብያለሁ። አዝኛለሁም። ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናል።"

ሲና ከዚያ በፊት ይህን አታውቅም ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ እማማ ባሂራ የሲናን እናት አስፈቅደው፣ ሲናን አስከትለው መኪና እየቀያየሩ አረቅጥ ሄዱ። ደጋው በጉም ተሸፍኗል። ጉሙ ሲገለጥ አንድ ቤት ይታያል፤ ተመልሶ ሲዘጋ ቤቱ ያልነበረ ይመስላል። የአባታቸው መስክ እውነትም ድንች ሆኗል። በድንቹ ዳር ዳር ሲዞሩ ዋሉ። የሲና ጫማ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ቀኑ ሲያዘነብል፣ ከማሳው ባሻገር፣ በማያውቁት ሰው አጥር ሥር አንዲት ነጭ አበባ ቆማ አገኙ።

እማማ ባሂራ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ አዩዋት። ጉሙ በመካከላቸው እያለፈ፣ አበባዋ አንዴ ትጠፋለች፣ አንዴ ትመጣለች።

"ሰው አያየንም" አሉ ቀስ ብለው። "እናውጣት ይሆን?"

ሲና አበባዋን አየች። እማማ ባሂራንም አየች።

"የሰው አጥር ነው እማማ" አለች። "ደግሞ ነቅታለች። እዚሁ ቁጭ ብለን እንያት።"

እማማ ባሂራ ነጠላቸውን ሣሩ ላይ አነጠፉና ተቀመጡ። ሲናም አጠገባቸው ተቀመጠች። እየመሸ ሲሄድ ሽታው ከሣሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ማሳውን፣ አጥሩን፣ ጉሙን ሁሉ ሞላው። ሁለቱም ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

እንግዲህ ልጆች፣ አደራን እንደተነገረን እንጂ እንደመሰለን አንጠብቅም፤ ካጠፋንም ጥፋታችንን በሽንኩርት ሳንሸፍን እንናገራለን።

አበባዋ እዚያው አጥር ሥር ቀረች፤ የመጨረሻው መኪና ስላመለጣቸው ሁለቱ አረቅጥ አደሩ።