ዳልቼን ለማን አስረከብኳት?

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። የሞተ ሰው አናገረኝ፣ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ዞር ስል ጠፉብኝ የሚል ሰው ካጋጠመኝ፣ እንቅልፍ አጥተህ ይሆናል፣ ሂድና ተኛ ነበር መልሴ፣ የሚያውቁኝ ይመስክሩ፣ ምላሴ ለዘመድም አያዝንም። በዚያ ላይ የጴንጤ ልጅ ነኝ፣ እንዲህ ያለውን ማመን ለእኔ ሞኝነት ብቻ ሳይሆን ኃጢአትም ነው። እና ይሄን ስነግራችሁ እኔው ራሴ አፍሬ ነው የምነግራችሁ፣ ባታምኑኝም አልቀየማችሁም።

ዘመኑ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ትንሽ ወጣ ብሎ፣ የእርዳታ እህል የሚከማችበት መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር፣ የተቀደደ ጆንያ እሰፋለሁ፣ የፈሰሰ እህል እጠርጋለሁ። አጠገባችን ያለው ሜዳ ላይ ደግሞ ለሰፈራ የተመዘገበው ሰው አውቶቡስ እስኪመጣለት ይሰነብታል፣ ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከኮምቦልቻ ወደ ምዕራብ፣ ማን ያውቃል የት እንደሚያደርሱት።

ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሄድ ድመቱን ምን እንደሚያደርጋት አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስቤ አላውቅም ነበር። በሬው ሞቷል፣ ዶሮው ተበልቷል፣ ድመት ግን አትሸጥ፣ አትበላ፣ ዝም ብላ ትከተላለች። እናቶች ልጅ አዝለው፣ ከልጁ ጎን ድመት ሸጉጠው ሜዳው ላይ ይደርሳሉ፣ አውቶቡሱ ሲመጣ ድመት አይሳፈርም ይባላሉ። አንዷን አሳዝናኝ ወሰድኳት፣ በማግስቱ ሌሎች መጡ፣ ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ የተበላሸ ጄኔሬተር የሚቀመጥበት ክፍል የድመት መንደር ሆኖ ቁጭ አለ።

ሰው እየሞተ ድመት ትቀልባለች ያላለኝ የለም። ኃላፊያችን ራሱ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ፣ «ጓድ ማርታ፣ አብዮቱ የድመት ማሳደጊያ አልከፈተም!» አለኝ። «አይጡስ ጓድ? ያን ሁሉ ጆንያ የሚበሳው አይጥ ተደራጅቶ መሆኑን አላየህም እንዴ?» ስለው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፣ ከዚያ ወዲህ አይቶ እንዳላየ ያልፈኝ ጀመር። ለሰው ከሚሆነው አንዲት ፍሬ ሰጥቻቸው አላውቅም፣ እመኑኝ፣ ፒያሳ ካሉት ሥጋ ቤቶች የሚጣለውን ሳንባ ለምኜ አመጣለሁ፣ አይጥ የሸናበትን ጥራጊ እህል ጨምሬ እቀቅላለሁ፣ ያችው ናት። ጠዋት ዓይኑ የተጣበቀውን በጨው ውሃ እጠርጋለሁ፣ የሚጸዳዱበትን አመድ እደፋና አዲስ አመድ አደርጋለሁ፣ ማታ ወደ ቤቴ ከመሄዴ በፊት ምግባቸውን አቀርባለሁ። ያ ቤት ባይኖር እኔም አብጄ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ያንን ሜዳ ሳይ ውዬ የሆነ ነገር ሲጠግብ ማየት ነበረብኝ።

የሐርቡና የአካባቢው ሙስሊሞች ድመታቸውን ሲሰጡኝ «ውሰጂያት» አይሉኝም፣ «አማና» ነው የሚሉኝ። እኔ መጀመሪያ የምርቃት ዓይነት መስሎኝ አሜን እል ነበር። በኋላ ዘበኛችን አባ ይማም ተቆጡኝ፣ «ልጄ፣ አማና እኮ ስጦታ አይደለም። አላህ ዘንድ የሚያስጠይቅ ነው። ባለቤቱ በመጣ ጊዜ በእጁ ታስረክቢዋለሽ፣ ለወንድሙ አይደለም፣ ለጎረቤቱ አይደለም፣ ለራሱ!» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ከባለቤቱ ልብስ ትንሽ ቁራጭ እየቀደድኩ ድመቷ አንገት ላይ ማሰር ለመድኩ፣ የማን እንደሆነች እንዳይጠፋኝ።

ዘይነባ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። የሐርቡ ገበሬ ናት፣ ባሏን ቀብራ ሁለት ልጆቿን ሰይድንና ከድጃን ይዛ ወደ ሜዳው የመጣች፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም የማይርቅ፣ ቆዳና አጥንት ብቻ የቀረች ሴት። ድመቷ ዳልቻ ናት፣ ስሟም ዳልቼ። አረንጓዴ ሻሿን ከጫፉ ቀድጄ አንገቷ ላይ ሳስር፣ ልጆቹ ድመቷን አንለቅም ብለው አለቀሱ። ዘይነባ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና፣ «ማርታዬ፣ አማና። ከእኔ በቀር ለማንም እንዳትሰጫት። መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለችኝ። እኔም ቃል ገባሁላት።

ዳልቼ ኩሩ ነበረች። ማንም አያቅፋትም፣ እኔ እንኳ ምግብ የማቀርበው ሴትዮ ስነካት ሸርተት ብላ ትሄዳለች፣ ስንት ቀን አኩርፌያታለሁ። በሩን ፊት ለፊት የሚያሳይ የተጣጠፈ ጆንያ ላይ ትቀመጥና ትጠብቃለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ውሎ አመሻሹ ላይ ጉሙ መጣ፣ የደሴን ጉም ታውቁታላችሁ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን የሚያጠፋባችሁ። አባ ይማም የግቢውን በር ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው መግሪብ ሊሰግዱ ጎጇቸው ገብተዋል። እኔ ሳንባውን እያወጣሁ ነው። በዚያ ሰዓት ድመቶቼ እንዴት እንደሚጮሁ ብታዩ፣ ቀሚሴ ላይ ይንጠላጠላሉ፣ ይቧጨራሉ፣ እኔም እጮህባቸዋለሁ። ድንገት ሁሉም ጸጥ አሉ። ምግቡ መሬት ላይ ነው፣ እንፋሎቱ ይታየኛል፣ አንዷም አልቀመሰችም። ሁሉም ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቁጭ አሉ።

ከዚያ ከውጭ «ውርዬ፣ ውርዬ» የሚል ጥሪ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ የሚያባብል። ዳልቼ ከጆንያዋ ላይ ተነሳች። ቀና ስል ዘይነባ በሩ ላይ ቆማለች።

አልደነገጥኩም፣ ይሄ ነው የሚገርመኝ። ደስ ብሎኝ ጮህኩ፣ «ዘይነባ! ኸይር ነው? መቼ መጣሽ?» አልኳት። ፊቷ ሞልቷል፣ ጉንጯ ወጥቷል፣ ዓይኗ ውስጥ ብርሃን አለ። ሰፈራው እውነትም ተስማምቷታል፣ እኛ ዝም ብለን ነው የምናማው ብዬ እስከማሰብ ደረስኩ። «አማናዬን ልወስድ መጣሁ» አለች። «ጠቅልለሽ ተመለስሽ?» ስላት፣ «ቤቴ ገባሁ» አለችኝ።

ዳልቼ ያቺ ኩራተኛ ሮጣ ዘላ ትከሻዋ ላይ ወጣች፣ ራሷን በዘይነባ አንገት ሥር ቀበረች፣ ማንኮራፋቷ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። ዘይነባ ከዳልቼ አንገት ላይ ቁራጩን ጨርቅ ፈታችና እጄ ላይ አኖረችው። ከውጭ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ልጆች ሳቁ፣ እየተባረሩ እንደሚጫወቱ ልጆች ነው የሚስቁት፣ አንደኛው «እማ፣ ነይ በቃ!» አለ።

«ሰይድና ከድጃ ናቸው? አስገቢያቸው እንጂ፣ በዚህ ብርድ!» አልኩና ለእራቴ የያዝኩትን ዳቦ ዘረጋሁላት። ፈገግ አለች። «ጠግበናል» አለችኝ። በዚያ ዓመት ከሰው አፍ ያልሰማሁትን ቃል ነው የነገረችኝ። «አብሽሪ ማርታዬ፣ አላጎደልሽብኝም» ብላ ዞረች፣ የልጆቹ ሳቅ በታች በኩል፣ በኮምቦልቻ መንገድ አቅጣጫ እየራቀ ሄደ። ድመቶቹ ከዚያ በኋላ ነው መብላት የጀመሩት።

አባ ይማም ሶላታቸውን ጨርሰው ሲመጡ ተቆጥተው ነው። «የማን ልጆች ናቸው እዚህ ግቢ ውስጥ የሚስቁት? ሶላት አስረሱኝ እኮ!» አሉ። በሩን ሳይከፍቱላት ዘይነባ እንዴት እንደገባች ስጠይቃቸው ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። ፋኖስ ይዘን ወጣን፣ ደጃፉ እንደ ምጣድ ሊጥ የላላ ጭቃ ነው፣ የእኔ ጫማ አለ፣ የአባ ይማም አለ፣ ሌላ የማንም የለም። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፣ ዘይነባ ያደረገችው አረንጓዴ ሻሽ ጫፉ አልተቀደደም፣ ሙሉ ነበር። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

አባ ይማም ጂን ነው አሉ። በየቤቱ ተደብቀን ከምንጸልየው ወንድሞች አንዱ ደግሞ፣ አታላይ መንፈስ ነው፣ ገሥጸሽ ማባረር ነበረብሽ አለኝ። ተናደድኩበት፣ «ሰይጣን ድመት ምን ያደርግለታል? ሲሆን ሲሆን እህሉን አይሰርቅም ነበር?» አልኩት። ግን ውስጤ አልተረጋጋም፣ ዘይነባ ሞታለች ማለት ነው ብዬ ደመደምኩና ብቻዬን አለቀስኩላት።

በጋው ገብቶ፣ ፀሐይ ቁልጭ ባለበት እኩለ ቀን፣ ጆንያ እየሰፋሁ አባ ይማም «ማርታ!» ብለው ጠሩኝ፣ ድምፃቸው ልክ አልነበረም። በሩ ላይ በዱላ የተደገፈች ሴት ቆማለች፣ እግሯ ተሰነጣጥቋል፣ ፊቷ ጠቁሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሻሿን እስካይ ድረስ አላወቅኳትም። ጫፉ የተቀደደ አረንጓዴ ሻሽ።

«ማርታዬ» አለችኝ፣ «አማናዬን ልወስድ መጣሁ።»

«ያ ረቢ!» አሉ አባ ይማም ከኋላዬ። እኔ እጇን ያዝኩት፣ ሞቃት ነው፣ ሻካራ ነው፣ የሰው እጅ ነው። አስቀመጥኳት፣ ውሃ አጠጣኋት፣ ዳቦ ሰጠኋት። ከሰፈራው ጠፍታ ያን ሁሉ አገር በእግሯ አቋርጣ ነው የመጣችው። «ልጆቹስ?» አልኳት። «እዚያው ቀሩ። ወባ ነው» አለች። ቀጥሎ ዓይኗን ወደ ጄኔሬተር ቤቱ አዞረች። «ዳልቼን አምጪልኝ። እሷ ብቻ ናት የቀረችኝ።»

ዳልቼ ሞተች ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል። አባ ይማምን አየኋቸው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው የሙስበሃቸውን ፍሬ ይቆጥራሉ። አማና ነው፣ እንዴት ልዋሽ? ያቺን ቁራጭ ጨርቅ ከመሐረቤ ፈትቼ ጉልበቷ ላይ አኖርኩና ሁሉንም ነገርኳት። እያለቀስኩ ነው የምነግራት፣ ካንቺ በቀር ለማንም አልሰጠሁም፣ አንቺን ነው ያየሁት እያልኩ።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ቁራጩን ወስዳ ከሻሿ ጫፍ ጋር ገጠመችው፣ ልክ መጣ። «ያቺ የመጣችው ደህና ነበረች?» አለችኝ፣ ስለ ሌላ ዘመዷ እንደምትጠይቅ።

«ደህና ነበርሽ... ነበረች። ፊቷ ሞልቶ።»

«ዳልቼ አልሸሸቻትም?»

«ትከሻዋ ላይ ነው የወጣችው።»

«ልጆቹ አብረዋት ነበሩ?»

አባ ይማም ቀና አሉ። እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት እሳቸው መለሱ፣ «እኔም ሰምቻቸዋለሁ። ወላሂ፣ ይስቁ ነበር።»

«ጠግበናል አለችሽ?»

«ጠግበናል አለችኝ።»

«አልሀምዱሊላህ» አለች ዘይነባ። ፊቷ ላይ ከመጣች ጀምሮ ያላየሁት ነገር መጣ፣ ደስታ ነው አልልም፣ ግን ከዚያ ጥቁረት ሥር አንድ ነገር በራ። ዳቦውን ሳትነካው ጎኗ አስቀመጠችና ዱላዋን ይዛ ተነሳች። «በየት በኩል ሄዱ?» አለችኝ።

ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ምን ያደርጋል? እጄ ቀድሞኝ ተነሳ፣ በታች በኩል፣ የኮምቦልቻን መንገድ አሳየኋት። እደሪ፣ ጠዋት እሸኝሻለሁ ብዬ ለመንኳት፣ አባ ይማምም ለመኗት። «ይጠብቁኛል» ብላን ሄደች። በጠራራ ፀሐይ፣ ጉም በሌለበት፣ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኔ ሸኘኋት፣ ስትቸኩል ጀርባዋ ብቻ ይታየኛል።

ከዚያ በኋላ ሐርቡ ድረስ ወርጄ ጠይቄያለሁ። ጎረቤቶቿን አገኘሁ፣ ቤቷን አሳዩኝ፣ ዘይነባ ከሰፈራ ተመልሳ መጣች ያለኝ አንድ ሰው አጣሁ፣ መንገድ ላይ ወድቃ ተገኘች ያለኝም የለም። አባ ይማም እስኪሞቱ ድረስ፣ አማናሽን ጠብቀሻል ልጄ፣ አላህ ይመስክርልሽ ይሉኝ ነበር፣ ሊያጽናኑኝ። እኔን ግን ድመቷ አይደለችም እንቅልፍ የምትነሳኝ። የመጀመሪያዋ ማን እንደነበረች መጠየቅም ትቻለሁ። ያንን ሁሉ መከራ አልፋ በሕይወት የተረፈች፣ እጇ ሞቃት የሆነ ሴት ደጄ ድረስ መጥታ ነበር፣ እኔ ደግሞ የሞቱት ልጆቿ የሄዱበትን መንገድ አሳየኋት።